ሰርቨሩ ቢቆም ምን ይቆማል? የሲኤምዲቢ አወቃቀር የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

ሥራው ዛሬ ተጀመረ። የአይቲ ክፍላችን ሲኤምዲቢ ሊኖረው ነው። ሰርቨሩን፣ ኔትወርኩን፣ ሶፍትዌሩንና አገልግሎቱን ከነግንኙነታቸው የሚይዝ ዳታቤዝ ማለት ነው። ለእኔ የተሰጠኝ አወቃቀሩ ነው። ዳታ የመሙላቱ ሥራ ገና ነው። በመጀመሪያ ምን እንደሚመዘገብ፣ ስለ እያንዳንዱ ምን እንደሚጻፍና አንዱ ከሌላው ጋር በምን እንደሚያያዝ መወሰን አለበት።

እስካሁን ያለን መረጃ እዚህም እዚያም የተበተነ ነው። የኔትወርክ ቡድኑ የራሱ ኤክሴል አለው፣ የሰርቨር ቡድኑም እንዲሁ። ፋይናንስ ደግሞ የቋሚ ንብረት መዝገብ ይይዛል። ሦስቱን ጎን ለጎን ከፍቼ አየኋቸው። ያው አንድ ሰርቨር በአንዱ በስሙ፣ በሌላው በአይፒ አድራሻው፣ በሦስተኛው በንብረት ቁጥሩ ተመዝግቧል። ሦስቱ አንድ ዕቃ መሆናቸው የትም አልተጻፈም። የሚያውቁት ሰዎች ያውቁታል፤ እነሱ ፈቃድ ከወጡ ግን የሚጠየቅ የለም።

ሁሉንም ወደ አንድ ትልቅ ኤክሴል እናዋህደው የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። አልተስማማሁም። የንብረት መዝገብ የሚመልሰው ምን እንዳለን፣ በስንት እንደተገዛና በማን እጅ እንዳለ ነው። እኛን የቸገረን ሌላ ነው። ስለዚህ ከዳታው ሳይሆን ከጥያቄው ጀመርን። ሌሊት ስልክ ሲደወል ተረኛው ምን ማወቅ ይፈልጋል? ነጭ ሰሌዳው ላይ የቀሩት እነዚህ ናቸው። ይህ ሰርቨር ቢቆም የትኛው አገልግሎት ይቆማል? የአገልግሎቱ ኃላፊ ማን ነው? በዚህ ሰንሰለት ላይ በቅርቡ ምን ተቀየረ? የድጋፍ ጊዜው ያለፈበት ወይም ሊያልፍበት የተቃረበ ምን አለ?

አንድ ደንብ ተስማማን። ከአሁን በኋላ «ይህ ፊልድ (አንድ መረጃ የሚጻፍበት ቦታ) ይጨመር» የሚል ሁሉ ከእነዚህ ጥያቄዎች የትኛውን እንደሚመልስ ያሳያል። ካላሳየ አይገባም።

ማክሰኞ

የዛሬው ሥራ ወሰን ማበጀት ነበር። ሲኤምዲቢ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚመዘገብ ነገር ሲአይ ይባላል። ቢሯችን ውስጥ ያለው ሁሉ ግን ሲአይ አይደለም። ኪቦርድና ማውስ አይገቡም። ሞኒተርም አይገባም፣ የፋይናንስ መዝገብ ይበቃዋል። የሰርቨር ሜሞሪ የሰርቨሩ ፊልድ እንጂ ራሱን የቻለ ሲአይ አይሆንም። መለኪያችን ቀላል ነው። ነገሩ ቢበላሽ ወይም ቢቀየር ማን እንደሚጎዳ ማወቅ ያስፈልገናል? ለውጡንስ የሚቆጣጠር ሰው አለ? ሁለቱም አዎ ከሆነ ይገባል።

ላፕቶፖች ይገባሉ። ሄልፕ ዴስክ ቲኬት ሲከፍት የሚያያይዘው ዕቃ ያስፈልገዋል። ሆኖም በእያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ የተጫነውን ሶፍትዌር አንመዘግብም። ያን የሚሰበስብ ሌላ መሣሪያ አለን፤ ከእኛ በላይ ቶሎ ቶሎ ያድሰዋል።

እዚህ ላይ ጥሩ ክርክር ተነሳ። የደህንነት ባለሙያችን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ይፋ የሆነውን የሎግፎርጄ የደህንነት ቀዳዳ አነሳ። ሎግፎርጄ በብዙ የጃቫ ፕሮግራሞች ውስጥ ያለ ትንሽ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ዝግጁ ኮድ) ነው። በዚያ ሰሞን በዓለም ዙሪያ ያሉ የአይቲ ቡድኖች ጭንቀት «እኛ ጋ የት የት አለ?» የሚል ነበር። ታዲያ ላይብረሪዎቹን ሁሉ ሲአይ እናድርጋቸው? እሱ ይሁን ባይ ነበር። እኔ ግን ሥራውን ከፍለን እንየው አልኩ። ላይብረሪው የትኛው ማሽን ላይ እንዳለ ማሽኖቹን የሚፈትሸው ስካነር ይነግረናል። ስካነሩ የማያውቀው ማሽኑ የማን እንደሆነ፣ የትኛውን አገልግሎት እንደሚሸከምና የትኛው ቀድሞ መጠገን እንዳለበት ነው። ሲኤምዲቢው የሚመልሰው እሱን ነው። ሁለቱ በማሽኑ መለያ ከተገናኙ ይበቃል። በዚህ ተስማማን።

የቲኤልኤስ ሰርተፊኬት (የድረ ገጽን ማንነት የሚያረጋግጠው) ግን ያለ ክርክር ገባ። ከእ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ የሕዝብ ሰርተፊኬት ዕድሜ ከ398 ቀን አይበልጥም ነበር። የሰርተፊኬት ሰጪዎችና የብራውዘር አምራቾች መድረክ በ2025 በወሰነው መሠረት ደግሞ ከማርች 2026 ወደ 200 ቀን፣ ከማርች 2027 ወደ 100፣ ከማርች 2029 ወደ 47 ቀን ይወርዳል። በሰው ትዝታ የሚያዝ ነገር አይደለም። የሚያበቃበት ቀን፣ የተጫነበት ቦታና የሚያድሰው ቡድን መታወቅ አለበት።

ረቡዕ

ክላሶቹን፣ ማለትም የሲአይ ዓይነቶችን፣ መደርደር ጀመርን። ሲኤምዲቢውን የምንሠራበት መሣሪያ አይቶፕ ነው። በፒኤችፒ የተጻፈ፣ በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ ክፍት ሶፍትዌር ነው። ከእነ ክላሶቹ ስለሚመጣ ከባዶ አንነሳም። ከላይ ሁሉም የሚጋራው አንድ ክላስ አለ፤ ስም፣ ድርጅት፣ አስፈላጊነትና የመሳሰሉት እዚያ ላይ ናቸው። ከሥሩ የሚዳሰሱ ዕቃዎች፣ ቨርቹዋል ማሽኖች (በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች)፣ የሶፍትዌር ጭነቶች፣ አፕልኬሽኖችና የሥራ ሂደቶች ይከተላሉ። የታችኛው ክላስ የላይኛውን ፊልዶች ይወርሳል።

ወዲያው «የዊንዶውስ ሰርቨር የሚባል ክላስ፣ የሊኑክስ ሰርቨር የሚባል ክላስ ይኑረን» የሚል ጥያቄ መጣ። አዲስ ክላስ የሚፈጠረው ነገሩ ሌላው የሌለው ፊልድ ወይም ሌላው የሌለው ግንኙነት ሲኖረው ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ ይህን አያሟሉም። ልዩነታቸው በኦፐሬቲንግ ሲስተም ፊልድ ይገለጻል። ዛሬ ለሁለቱ ክላስ ከሰጠን ነገ ለእያንዳንዱ ቨርዥን ይጠየቃል። ከዚያ «ሰርቨሮቼን ሁሉ አሳየኝ» የሚል ቀላል ሪፖርት እንኳ ከየክላሱ ተለቃቅሞ የሚሠራ ይሆናል።

የኦፐሬቲንግ ሲስተም ቨርዥን ግን በእጅ የሚጻፍ ጽሑፍ አይሆንም፤ ከዝርዝር ይመረጣል። ዝርዝሩ ላይ የድጋፍ ማብቂያ ቀን የሚባል ፊልድ ጨመርንበት። ለዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ኦክቶበር 10 ቀን 2023፣ ለሴንትኦኤስ 7 ጁን 30 ቀን 2024 ብለን አንድ ጊዜ ብቻ ጻፍን። ከእንግዲህ በእነዚህ ላይ ያለ ማሽን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይወጣል። በየሰርቨሩ ቀን ብንጽፍ ኖሮ መቼም ንጹሕ አይሆንም ነበር።

ከዚያ ወደ ከባዱ ገባን። የሰርቨር ቡድኑ ኤክሴል ላይ የደመወዝ ዳታቤዝ የምትል አንዲት ረድፍ አለች። ቀረብ ብለን ስናያት አራት ነገር ተጨፍልቆ ገብቶባታል። ቨርቹዋል ማሽኑ፣ በላዩ የተጫነው ፖስትግሬስ የተባለ የዳታቤዝ ሶፍትዌር፣ በውስጡ ያለው የደመወዝ ስኪማ (ራሱን የቻለ የዳታ ክፍል) እና አንድ ሌላ የዕረፍት ቀን የሚመዘግብ ስኪማ። ለየብቻ መመዝገብ አለባቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማሽኑ ሪስታርት ቢደረግ ሁለቱም ስኪማዎች ይቆማሉ፤ የደመወዙ ስኪማ ብቻ ቢበላሽ የዕረፍት ቀኑ አይነካም። ኃላፊዎቻቸውም የተለያዩ ናቸው። ረድፏን ስንበትናት የዳታቤዝ ባለሙያችን ፊቷ በራ። ለዓመታት በቃል ስታስረዳ የኖረችው ነገር ነው።

ሐሙስ

ግንኙነት። የሲኤምዲቢ ነፍሱ ይኸው ነው።

አንድ አገልግሎት መረጥንና ከላይ እስከ ታች ወረድንበት። የመረጥነው የደመወዝ ሲስተሙን ነው። ተጠቃሚው ጥያቄዎችን ለሰርቨሮች ከሚያከፋፍለው ከሎድ ባላንሰሩ ይጀምራል። ከኋላው ሁለት ዌብ ሰርቨሮች አሉ። እነሱ አፕልኬሽኑን ይጠራሉ፤ አፕልኬሽኑ ስኪማውን ይጠቀማል፤ ስኪማው በፖስትግሬስ ውስጥ፣ ፖስትግሬስ በቨርቹዋል ማሽኑ ላይ ነው። ማሽኑ በሃይፐርቫይዘር ክላስተር ላይ ይሠራል፤ ሃይፐርቫይዘር ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተናግድ ነው፣ ክላስተር ደግሞ የእነዚህ ስብስብ። ክላስተሩ ስቶሬጅ፣ ስዊችና መብራት ይፈልጋል።

ቨርቹዋል ማሽኑን ከአንድ ሃይፐርቫይዘር ጋር እናስረው ወይስ ከክላስተሩ? ከክላስተሩ ጋር አሰርነው። ክላስተሩ ጭነት ሲያመጣጥን ማሽኖቹን ራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል። ከአንድ ሃይፐርቫይዘር ጋር ብናስረው ካርታችን ጠዋት እውነት፣ ከሰዓት ሐሰት ይሆናል። ለመዋቅር የሚመረጠው የሚረጋው ግንኙነት ነው። አሁን ይህች ደቂቃ ማሽኑ የት እንዳለ ማወቅ የፈለገ የሃይፐርቫይዘሩን ማኔጅመንት ይክፈት።

የግንኙነት ዓይነቶችን አሳነስናቸው። «ላይ ይሠራል»፣ «ይጠቀማል»፣ «ተሰክቷል»። ከዚህ በላይ ስናበዛ ሁለት ሰዎች ያንኑ ነገር በሁለት ዓይነት ይመዘግቡታል። አቅጣጫው ግን ጥብቅ ነው። አፕልኬሽኑ ዳታቤዙን ይጠቀማል እንጂ ዳታቤዙ አፕልኬሽኑን አይጠቀምም። ጉዳቱ የሚሄደው በተቃራኒው ነው፤ ዳታቤዙ ሲቆም አፕልኬሽኑ ይጎዳል። ቀስቱ አንድ ቦታ ላይ ከተገለበጠ የጉዳት ዝርዝሩ ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ ያጣል።

ቀጥሎ ምትክ። ሁለቱ ዌብ ሰርቨሮች ጥንድ ናቸው። አንዱ ቢቆም አገልግሎቱ ይቀጥላል። አይቶፕ ላይ «ቢያንስ ይህን ያህሉ ከሠራ አገልግሎቱ አለ» ብሎ መወሰን ይቻላል። አንድ ብለን ልንሞላ ስንል የአፕልኬሽኑ ኃላፊ ተቃወመች። በወር መጨረሻ ደመወዝ ሲሰላ አንዱ ብቻውን አይችልም አለች። ትክክል ናት። ቁጥሩን አንድ አድርገን ተውነው፣ ግን የአገልግሎቱ መዝገብ ላይ በወር መጨረሻ ሁለቱም አስፈላጊ መሆናቸውን ጻፍን። ተረኛው መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ስለሆነ ያየዋል።

ከሰዓት በኋላ ራሱ ፈልጎ የሚመዘግበውን ዲስከቨሪ ሞከርነው። ዲስከቨሪ ማን ከማን ጋር በየትኛው ፖርት እንደሚነጋገር ያያል። ወደ ፖስትግሬሱ 5432 ፖርት የሚመጡትን አወጣልን። ዝርዝሩ ውስጥ አፕልኬሽኑ አለ፤ ባክአፕ ሰርቨሩም አለ፤ ሞኒተሪንግ ሰርቨሩም አለ። ሦስቱም ይነጋገራሉ። ዳታቤዙ ሲቆም መሥራት የሚያቅተው ግን አፕልኬሽኑ ብቻ ነው። ሞኒተሪንጉ በዚህ ከተመዘገበ በቤቱ ካለው ማሽን ሁሉ ጋር ጥገኛ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዲስከቨሪ ያገኘው ሁሉ እንደ ጥቆማ ይቆጠራል፤ ግንኙነት የሚሆነው የአገልግሎቱ ኃላፊ አይቶ ሲያጸድቀው ነው።

ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስና የተጠቃሚ አካውንቶችን የሚይዘው አክቲቭ ዳይሬክተሪስ? ሁሉም ነገር በእነሱ ላይ ይደገፋል። ከሁሉም ሲአይ ወደ እነሱ መስመር ብንስል ካርታው መስመር ብቻ ይሆናል። የጋራ መሠረት አገልግሎት ብለን ለብቻቸው መደብናቸው። ከአገልግሎት ወደ አገልግሎት ብቻ እናገናኛቸዋለን፤ ከእያንዳንዱ ማሽን አይደለም።

አርብ

መለያ። ሁለት ምንጭ ስለ አንድ ዕቃ ሲያወሩ አንድ ዕቃ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ስም አያስተማምንም። ሰርቨር ተወግዶ ስሙ ለአዲሱ ይሰጣል። አይፒም እንደዚያው፤ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው ነው። ለሚዳሰስ ዕቃ ሲሪያል ቁጥር ይሻላል። እሱንም ቢሆን እያጣራን ነው የምንቀበለው። ተገጣጥመው የሚሸጡ ኮምፒውተሮች ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ሶፍትዌር) ውስጥ በሲሪያሉ ቦታ «በአምራቹ ይሞላል» የሚል ነባሪ ጽሑፍ ይገኛል። ሲስተሙ ያን እንደ እውነተኛ ሲሪያል ከወሰደው የማይተዋወቁ ማሽኖች ሁሉ አንድ ይሆናሉ። እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን፣ ባዶውንና ዜሮ በዜሮ የሆነውን የሚጥል ማጣሪያ አስቀድሞ ተቀመጠ። ከዚያ ያለፈው ከአምራቹ ስም ጋር ተጣምሮ መለያ ይሆናል።

ለቨርቹዋል ማሽን ሃይፐርቫይዘሩ የሚሰጠውን ዩዩአይዲ (የማይደገም መለያ) ወሰድን። ሊኑክሱ በውስጡ የሚይዘውን የማሽን አይዲ ተውነው። ቴምፕሌት (አዳዲስ ማሽኖች የሚቀዱበት ናሙና) በጥንቃቄ ሳይጸዳ ሲገለበጥ እሱም አብሮ ይገለበጣል፤ መንታ መንታ ይወጣል።

ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ) ረዳት እንጂ ዋና መለያ አልሆነም። የዩኤስቢ ኔትወርክ አስማሚ ዛሬ አንዱ ላፕቶፕ ላይ፣ ነገ ሌላው ላይ ይሰካል። ስልኮች ደግሞ ከአንድሮይድ 10ና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ በየዋይፋዩ የራሳቸውን ማክ ፈጥረው ይሰጣሉ። ይህን በዓይን መለየት ይቻላል። ከአድራሻው ሁለተኛው አኃዝ 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ አድራሻው ከፋብሪካ የመጣ አይደለም። ማጣሪያው እነዚህንም ይዘላል።

የስም አወጣጥ ላይ ብዙ አልቆየንም። ስም ውስጥ ፎቅና ክፍል ቁጥር አይገባም፤ ዕቃው ሲዛወር ስሙ ይዋሻል። ቦታው ፊልድ አለው።

ሰኞ

ሳምንቱን በጣም በምወደው ጉዳይ ጀመርነው። እያንዳንዱ ፊልድ ከየት ይመጣል? ማን እውነት አድርጎ ያቆየዋል?

ፊልዶቹን ዘርዝረን በየአንዳንዱ ትይዩ ምንጭ ጻፍን። የሲፒዩና የሜሞሪ መጠን ከሃይፐርቫይዘሩ ይመጣል። የንብረት ቁጥር ከፋይናንስ። ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ) እና የራክ ቦታ ከዳታ ሴንተር ቡድኑ። የአገልግሎት ኃላፊ ከራሱ ከሥራ ክፍሉ። ምንጭ ያጣነውን ፊልድ ሰረዝነው። ተጨማሪ አስተያየት፣ ሌላ መረጃ፣ ልዩ ሁኔታ የሚሉት ሁሉ ወጡ። የሚያዘምነው የሌለው ፊልድ ከመጥፎም መጥፎ ነው፣ ምክንያቱም ተረኛው ያምነዋል።

አይቶፕ ላይ ከውጭ የሚመጣ ዳታን ለማስገባት ለእያንዳንዱ ፊልድ ደንብ ይመረጣል። ወይ ምንጩ ብቻ ይጽፋል፣ ሰው እንዳይነካው ይቆለፋል፤ ወይ ሁለቱም ይጽፋሉ፤ ወይ ምንጩ ባዶ ሲሆን ብቻ ይሞላዋል። ሜሞሪና ሲፒዩ ተቆለፉ። መግለጫው ባዶ ሲሆን ብቻ የሚሞላ ሆነ፤ ሰው ካሻሻለው አይደመሰስም። «ሁለቱም ይጻፉ» የሚለውን ለአንድም ፊልድ አልመረጥነውም። ሁለት ጸሐፊ ያለው ፊልድ የመጨረሻውን ተናጋሪ ነው የሚያሳየው።

ከፋይናንስ የንብረት ኃላፊዋ ጋር ተቀመጥን። ዝርዝሩን አይተው «ዋጋ የሚለው ፊልድ ለምን ቀረ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እርስዎ ጋ አለ። እኛም ከጻፍነው ከእርስዎ መዝገብ ጋር የማይገጥምበት ቀን ይመጣል» አልኳቸው።

«ታዲያ በምን ይገናኛሉ?»

«በንብረት ቁጥሩ። ቁጥሩን እርስዎ ይሰጡናል። ሌላውን ከእርስዎ እንጠይቃለን እንጂ አንቀዳም።»

ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው የሚወገድ ዕቃ ሲኖር ከእናንተ ቀድሜ መስማት አለብኝ» አሉ። ጥሩ ነጥብ ነው። የሁኔታ ፊልዱን ያስተካከልነው በእሳቸው ምክንያት ነው። በአይቶፕ ነባሪ ዝርዝር ዕቃው በመጋዘን፣ በዝግጅት ላይ፣ በሥራ ላይ ወይም ከጥቅም ውጭ ይባላል። «ሊወገድ የታሰበ» የሚል ጨመርንበት። ዕቃው እዚህ ሲደርስ ለፋይናንስ ኢሜይል ይሄዳል። ከጥቅም ውጭ የሆነ ሲአይ አይሰረዝም። የቆዩ ቲኬቶች ከእሱ ጋር የተያያዙ ናቸውና ታሪኩ አብሮት መቀመጥ አለበት። በዕለት ተዕለት ዝርዝር ግን አይታይም።

ረቡዕ

ሙከራ። ከሃይፐርቫይዘር ክላስተሩ የሚያያዘው ስቶሬጅ የታቀደ ጥገና ነበረው፤ ጥቂት ሲስተሞች ይቆማሉ። ከጥገናው በፊት ሲኤምዲቢውን «ስቶሬጁ ቢቆም ምን ይጎዳል?» ብለን ጠየቅነውና ዝርዝሩን አተምነው። ከጥገናው በኋላ በእርግጥ ከቆመው ጋር አስተያየነው።

የደመወዙ ሰንሰለት ከላይ እስከ ታች ገጠመ። የዕረፍት ቀን መመዝገቢያውም ዝርዝሩ ላይ ነበረ፤ ስኪማዎቹን መለያየታችን እዚህ ላይ ጠቀመን። ዝርዝሩ ላይ ያልነበረ አንድ ነገር ግን ቆመ። ጠዋት ለአመራሩ የሚላከው የሰው ኃይል ሪፖርት አልደረሰም። ተከታትለን ስናየው ሌሊት የሚነሳ ስክሪፕት ከደመወዙ ስኪማ በቀጥታ እያነበበ ፋይል ያዘጋጃል። የሚነሳው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ዲስከቨሪው ባየበት ሰዓት አልተገናኘም። የሪፖርቱ ኃላፊም ዝርዝር ስናጸድቅ ከተጠየቁት ውስጥ አልነበረም።

ለዚህ አዲስ ክላስ አልፈጠርንም። ሪፖርቱ በአፕልኬሽን ክላስ ይመዘገባል፣ ስኪማውን ይጠቀማል፣ ኃላፊ ይኖረዋል። የለወጥነው አሠራሩን ነው። ከአሁን በኋላ በእያንዳንዱ ዳታቤዝ ላይ ያሉትን የተጠቃሚ አካውንቶች አውጥተን «ይህ አካውንት የማን ነው? ምን ያነብበታል?» ብለን እንጠይቃለን። በየትኛውም ሰዓት ቢነሳ፣ ሥራው ለመግባት አካውንት ያስፈልገዋል። ከኔትወርክ ስካን ይልቅ ይህ ብዙ እንደሚያወጣ አምናለሁ።

ሐሙስ

ከለውጥ ሥራው ጋር አያያዝነው። የለውጥ ቲኬት ያለ ሲአይ አይከፈትም። ሲዘጋ ደግሞ የተቀየረው ፊልድ ወይም ግንኙነት መታደሱን ሌላ ሰው ያረጋግጣል። በየሳምንቱ የሚላኩ ሦስት ዝርዝሮችም ተዘጋጁ። ኃላፊ የሌላቸው፣ ከማንም ጋር ያልተያያዙ፣ ሁኔታቸው «በሥራ ላይ» ሆኖ ምንጩ ለ30 ቀን ያላያቸው። ዝርዝሮቹ ለሁሉም ሳይሆን ለየክላሱ ኃላፊ ብቻ ይሄዳሉ፤ ለሁሉም የተላከ ኢሜይል የማንም ሥራ አይሆንም።

የቀሩ ነገሮች አሉ። በክላውድ ላይ ያሉት ማሽኖች ለሰዓታት ኖረው የሚጠፉ ናቸው። እነሱን አንድ በአንድ እንመዝግብ ወይስ የሚፈጥራቸውን ቡድን ብቻ የሚለው አልተወሰነም። እኔ ቡድኑን ባይ ነኝ፤ የክላውድ ባለሙያችን ከወጪ ክትትል አንጻር ሌላ ሐሳብ አለው። ከእሱ ጋር ለብቻ ቀጠሮ ይዘናል። የሦስተኛ ወገን አገልግሎቶችም ውላቸው ሲያበቃ የሚያሳውቀን ፊልድ ይፈልጋሉ።

ቀጣዩ አገልግሎት ኢሜይል ነው። አካውንቶቹን አስቀድመን እንዲያወጡልን ለኃላፊዎቹ መልእክት ተልኳል።